ከሱቁ ሽያጭ ጋር የተደባለቀው ጡረታ

እኔ ራሴ ጡረታ የለኝም። ዕድሜዬ ያለቀው ግን የሌላውን ሰው ጡረታና ግብር የሚያወራ ወረቀት ስለይ፣ ስደረድር፣ ስቋጥር ነው። አለቃዬ ጋሼ ሽኩር ዓይናቸው ደክሞ ቢሯቸውን ሲዘጉ፣ እኔም ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ አማኑኤል ጀርባ ካለችው ቤቴ ገባሁ። የልጅ ልጄ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ጫማዋን እያወለቀች «እማማ፣ ያንቺ ሥራ ግን ምን ይባል ነበር?» አለችኝ። ደረሰኝ ለቃሚ ብላት ሳቀች። አይፈረድባትም። አሁን ነጋዴው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ማሽን አስቀምጦ ቲክ ሲያደርጋት ደረሰኙ ምላሱን እያወጣ ይመጣል፤ የሚለቀም ነገር የለም። እንግዲህ ለእሷ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከሥራ መልስ እያንቀላፋሁ ነው። ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ይቅር በሉኝ።

አባቴ ከወሎ የመጣ ሸማኔ ነበር፤ እኔ ግን ክር ላይ አልጸናሁም። መጀመሪያ የገባሁት አንድ የሸማኔዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ለጽዳት ነው። የማኅበሩ አለቃ ጣታቸውን ጠረጴዛ ላይ እያንሸራተቱ አቧራ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ፤ ካጡ ይከፋቸዋል። ደርግ ሲወድቅ ማኅበሩም ተበተነ፣ እኔም አንድ ጅምላ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ጠራጊና ጠባቂ ሆንኩ። ሰውዬው ደግ ነበሩ። ብቻ ደመወዝ ሲሰጡኝ «ቁጠሪው» ይሉና ራሳቸው እጄ ላይ እንደገና ይቆጥሩታል።

ጋሼ ሽኩርን ያወቅኳቸው እዚያ ነው። የነጋዴውን ሒሳብ ሊሠሩ ሲመጡ ወረቀቱ ሁሉ በጆንያ ተጠቅጥቆ ሊሰጣቸው ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ያመኛልና፣ ዘይት የነካውን ከንጹሑ፣ የመጋቢቱን ከሚያዝያው ለይቼ በአባቴ ቤት ክር አስሬ አስቀምጬው ነበር። እያገላበጡ አዩና ለሰውዬው «ይቺን ሴትዮ ስጡኝ» አሏቸው። እንደ ዕቃ።

ሰውዬውም «ይውሰዷት፤ ብቻ ግብሬን ቀነስ ያድርጉልኝ» አሉ።

«ሴትዮዋን እወስዳለሁ፤ ግብሩን ግን አልነካም» ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

ጋሼ ሽኩር የስልጤ ሰው ናቸው። ድሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ፤ በቅነሳ ሲወጡ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ካለ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራዩ። ከእኛ በታች ምድር ቤቱ ላይ ቅመም የሚፈጩ ነበሩና ደንበኛ ሁሉ እያስነጠሰ ነው የሚገባው። ጋሼ «ይማርህ» ሳይሉ ማንንም አስቀምጠው አያውቁም። ደመወዜ ብዙ አልነበረም፤ ግን በሰዓቱ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ስለ አሠራራቸው ግን ልንገራችሁ። ደንበኛ ሲመጣ ብዕር አያነሱም። መጀመሪያ የእጅ ሰዓታቸውን ይፈቱና ፊቷን ደፍተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧታል፤ ሰውዬው ቸኩለዋል ብሎ እንዳይሳቀቅ ነው። ከዚያ «የብሩን መንገድ ንገሩኝ» ይላሉ። ብሩ ከማን እጅ ተነሣ፣ በማን በኩል አለፈ፣ የት አደረ። ነጋዴው እያወራ ሳለ ወረቀቱን እየተቀበሉ ጠረጴዛው ላይ ባሉት ሦስት ትሪዎች ያስቀምጡታል። ሻይ የሚቀርብባቸው ዓይነት ተራ የቆርቆሮ ትሪዎች ናቸው። አንዱ ነግዶ ላገኘው ነው። አንዱ ሰው ለሰጠው ወይ ላበደረው። ሦስተኛው ደግሞ ከድሮ ለቆየ የራሱ ገንዘብ። ግብር የሚጠየቅበት የመጀመሪያው ትሪ ነው። የእኛ ሰው ግን ዕቁብ ሲደርሰው፣ ወንድሙ ሲረዳው፣ ሱሪ ሲሸጥ ሁሉንም አንድ ኪስ ውስጥ ይከታል። «መርካቶ ኪስ እንጂ ትሪ የላትም» ይሉ ነበር ጋሼ ሽኩር።

ጡረታ የሚቀመጠው ሦስተኛው ትሪ ላይ ነው። ያን ጊዜ መርካቶ ከመሥሪያ ቤት ወጥተው ትንሽ ሱቅ የከፈቱ ጡረተኞች ሞልተውባት ነበርና ይህን ነገር ደጋግመው አስተምረውኛል። «ዘሀራ፣ ጡረታ የትናንት ላብ ነው። ከዛሬ ላብ ጋር አንድ ትሪ ላይ አይቀመጥም፤ ግብርም የለበትም» ይሉኛል። ጡረተኛ ደግሞ ገንዘቡ እዚያው ይቆይልኝ ቢል አይሆንለትም። በየጊዜው የጡረታ መክፈያ መስኮቱ ድረስ ቀርቦ ካልተቀበለ፣ ሞቷል ብለው ያቆሙበታል። መውሰድ ግዴታው ነው። ወስዶ የት እንደሚያደርገው ግን ጠያቂ የለውም፤ ነገር የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

የእኔ ሥራ ከትሪ ወደ ክር ነበር። የሱቅ ሰው ደረሰኝ አቀማመጥ አያውቅም። በፌስታል ያመጣል፣ በጫማ ካርቶን ያመጣል፤ የምን አለሽ ተራ አንዱ ደንበኛችን አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ከምስማር ጋር አምጥቶልኝ ጣቴን ወግቶኛል። ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ ዝናብ ነው። ጭቃው ውስጥ ወድቆ የተነሣ፣ ቀለሙ የፈሰሰ ወረቀት ይመጣል። ቢሮው ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጥሬ ደረሰኙን በልብስ መቆንጠጫ እሰቅለው ነበር። እሳት ዳር ካደረቃችሁት ይጠቀለላል፣ ፀሐይ ካያው ጽሑፉ ይጠፋል። በጥላ፣ በነፋስ ብቻ። ደንበኞች ከሥሩ ጎንበስ እያሉ ሲገቡ «እትዬ ዘሀራ፣ ዛሬም አጥበሽ አሰጣሽ?» እያሉ ይስቁብኛል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ትንንሾቹ ነጋዴዎች መዝገብ አይዙም ነበር። ለእነሱ ገማቾች የሚባሉ ሰዎች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» ይላሉ፣ መደርደሪያውን ያያሉ፣ ይጽፋሉ። ግብሩ በዚያ ላይ ይቆረጥና ሐምሌ ሳያልቅ ይከፈላል። ገማቾች የሚወጡበት ሰሞን መርካቶ ውስጥ የሸጠ ሰው አይገኝም። ትናንት ሲስቅ የነበረው ሁሉ ግንባሩን ቋጥሮ፣ አሮጌ ጃኬት ለብሶ ይቀመጣል። «ገበያው ሞቷል» ማለት ደንብ ነው፤ እንደ ሰላምታ ነው። ገማቾቹም ያውቁታል። እሱ ቀንሶ ይናገራል፣ እነሱ ጨምረው ይጽፋሉ፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ።

ይህን ደንብ የማያውቁ አንድ ጡረተኛ ነበሩ፤ ጋሼ ደጀኔ። ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ነድተው የወጡ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ልጅ ቀጭን የሆነ ሰው። ለልብስ ሰፊዎች ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ የምትሸጥ ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ንግድ አይሆንላቸውም። የተከራከራቸውን ሰው ያፍሩትና በገዙበት ዋጋ ይሰጡታል። እኔም ለልጆቼ ልብስ ቁልፍ የምገዛው ከእሳቸው ነበርና አንድ ቀን «ጋሼ፣ እንዲህማ አይተረፍም» ብላቸው «እኔ እኮ ገንዘብ ነክቼ አላውቅም እትዬ። ቲኬት ቆራጩ ከኋላ ነበር፤ እኔ ከፊት መንገድ ነው የማየው» አሉኝ።

ሚስታቸው እትዬ አልማዝ ቀጠን ያሉ፣ ቀና ብለው የሚሄዱ፣ አፋቸው እንደ መቀስ የተሳለ ሴት ናቸው። እኅቶቻቸው ሾፌር ምን ያውቃል ንግድ እያሉ ሲያሙባቸው ኖረዋል። ስለዚህ የባላቸው ሱቅ ቀንቶታል ብለው የሚናገሩበትን ቀን ሲጠብቁ ነበር መሰለኝ። የጠየቃቸው ሰው ግን የለም። በመጨረሻ የጠየቋቸው ገማቾቹ ሆኑ።

የዚያን ቀን እትዬ አልማዝ ለባላቸው ምሳ ቋጥረው ሱቁ ውስጥ ተቀምጠዋል። ገማቾቹ መጡና ጋሼ ደጀኔን በቀን ስንት ይሸጣሉ አሏቸው። ጋሼም «እንዲያው፣ ይመስገን ነው» አሉ። እትዬ አልማዝ ይህን መታገሥ አልቻሉም።

«እንዲያው ማለት ምንድን ነው? ሰው እንደ ሌባ ምን ያስደብቀዋል? በየማታው የሚያመጣውን የምቀበለው እኔ አይደለሁም እንዴ!» ብለው መጠኑን ቁልጭ አድርገው ተናገሩ።

ፊት ለፊት ያለው ዚፕ ሻጭ ሳል ያዘው። ወዲህ ያለው ላስቲክ ሻጭ ራሱን ያዘ። ገማቾቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሰው ራሱ ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምተው አያውቁም። «ሚስት እንዳረጋገጡት» ብለው ጻፉ።

ግብሩ ተቆርጦ ሲመጣ ለዚያች ሱቅ የማይታሰብ ነበር። ካልተከፈለ ፈቃድ አይታደስም፤ ፈቃድ ከሌለ ሱቁ የለም። ጋሼ ደጀኔ ወረቀቱን ይዘው እያስነጠሱ ቢሯችን ገቡ።

ጋሼ ሽኩር «ይማርዎ» አሉና ሰዓታቸውን ፈትተው ደፉ። «የብሩን መንገድ ይንገሩኝ።»

አልነገሯቸውም። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ድሮ ፌርማታዎች አወሩ፣ ወጡ። በማግሥቱ ተመልሰው መጥተው ወደ ጋሼ ሽኩር ሳይሆን እኔ ወዳለሁበት አግዳሚ መጡና የምሰቅለውን ደረሰኝ ያቀብሉኝ ጀመር። እዚያ ነው ቀስ በቀስ የወጣላቸው። ሱቁ ኪራዩን ችሎ ለታክሲ ያተርፋል፣ ሌላ ምንም የለውም። ማታ ማታ ደግሞ በር ላይ ሲደርሱ አልማዝ ቆማ ትጠብቃለች። ስለዚህ ጡረታቸውን ሄደው ይቀበሉና አምጥተው የሱቁ መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። በየማታው ከዚያ ቆንጥረው «የዛሬ ሽያጭ» ብለው ይሰጧቸዋል። እትዬ አልማዝ ጡረታው ባንክ ተቀምጦ የቤቱ ጣሪያ ሊቀየርበት ነው ብለው ነው የሚያውቁት።

«ገማቾቹ የጻፉት ሽያጬን አይደለም እትዬ ዘሀራ» አሉኝ፤ «ጡረታዬን ነው የጻፉት።»

ጋሼ ሽኩር ይህን ሲሰሙ ነገሩ ቀላል ነው አሉ፤ ጡረታው ከሽያጩ ተለይቶ ይነገር፣ ወይዘሮዋ ቀርበው እኔ ያልኩት ሽያጩን ሳይሆን ከጡረታው ጋር የተደባለቀውን ነው ይበሉ፣ ያልቃል። ቀላሉ ነገር ለጋሼ ደጀኔ ቀላል አልነበረም። ሱቁ ይዘጋ እንጂ አልማዝ አትሰማም አሉ። ታምሜ ሱቁ ተዘግቶ ነበር ብላችሁ ጻፉልኝ አሉ። ጋሼ ሽኩር እምቢ አሉ። ሰውዬው ባርኔጣቸውን አንሥተው ሊወጡ በሩ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው እንዴት እንደወደቀ አየሁ። ጋሼ ሽኩርም አዩ መሰለኝ፤ ጠሯቸው። ያለ ሚስትዎ እንሞክረዋለን አሉ።

ያን ደብዳቤ ሲጽፉ እንደ ልማዳቸው አልነበሩም። ጡረታና ሽያጩ ተደባልቋል የሚል እውነት ጻፉ፤ በየማታው ወደ ቤት ስለሚሄደው ግን አንድ ቃል አላነሡም። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ፊት አብሬ ሄጃለሁ፤ ወረቀቱን የምይዘው እኔ ነኝና። ሰብሳቢው መነጽር ያደረገ ትሑት ወጣት ነበር። አንብቦ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ጡረታ ለቤት ነው የሚሄደው፤ ታዲያ ወይዘሮዋ ሽያጭ ብለው የተናገሩት ምኑን ነው? ጋሼ ሽኩር ወደ ጋሼ ደጀኔ ዞሩ። ጋሼ ደጀኔ ወለሉን አዩ። ቅሬታው ወደቀ።

ስንመለስ በዝናብ ነበር። ጋሼ ሽኩር ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥተው ራሳቸው እየረጠቡ «የብሩን መንገድ ግማሹን ነገርኳቸው። ግማሽ መንገድ ገደል ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ሻይ አላማራቸውም። ሥራቸውን እንዲያ ሲያበላሹ አይቼ አላውቅም፤ ያበላሹትም ስላዘኑ ነው። እኔ ሄጄ ለእትዬ አልማዝ ልንገራቸው ወይ ብል ተቆጡኝ። «በሰው ትዳር ውስጥ ደረሰኝ አንቆርጥም» አሉኝ። ከፍ ወዳለው ኮሚቴ አንድ ዕድል ቀርቶ ነበር፤ ሐምሌም እያለቀ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ፣ የቅሬታውን ወሬ ገበያ ውስጥ ሰምተው እትዬ አልማዝ ራሳቸው መጡ። ባላቸውን ከኋላ አስከትለው፣ ከሲባጎዬ ሥር ጎንበስ ሳይሉ አንዱን ደረሰኝ በግንባራቸው እየገፉ ገቡ። ማስነጠስ እንኳ አላስነጠሱም።

«እርስዎ ነዎት ባሌን ልመና የሚያዞሩት?» አሉ ለጋሼ ሽኩር። «ግብሩ ተቆረጠ፣ ተቆረጠ። እንከፍላለን። ጡረታው ተቀምጦ የለም እንዴ! ጣሪያው ይቆየን፤ ከእሱ አውጥቶ ይክፈልና ይገላገል። ለምን ተዋረድን?»

ጋሼ ሽኩር ቀስ ብለው ሰዓታቸውን ፈቱና ደፉ። ወንበሩን ለጋሼ ደጀኔ ሳቡላቸው። ያ ትልቅ ሰውዬ ግን አልተቀመጡም።

«የለም» አሉ በዚያች ቀጭን ድምፃቸው።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ጡረታው። የለም አልማዝ። በየማታው በልተነዋል።»

እኔ የምይዘው ደረሰኝ አጥቼ መቆንጠጫ ሳነሳ ስጥል ነበር። እትዬ አልማዝ ፊታቸው አልተለወጠም፤ ብቻ ነጠላቸውን ደጋግመው ወደ ትከሻቸው መለሱት፤ አልወደቀም ነበር።

«ሱቁስ?»

«ኪራዩን ይችላል።»

«ስንት ጊዜ ሆነህ እንዲህ ስታደርግ?»

«ከከፈትኩት ጀምሮ።» ከዚያ ባላቸው ዓይናቸውን ከትሪዎቹ ላይ ሳያነሡ «ባዶ እጄን መግባት አቃተኝ» አሉ።

እትዬ አልማዝ ዞረው ወጡ። ጋሼ ደጀኔ ሊከተሏቸው ሲሉ ጋሼ ሽኩር ክንዳቸውን ያዙና «ይተዉአቸው። ይሄ መንገድ የሳቸው ነው» አሉ። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና የብሩን መንገድ ከጡረታ መስኮቱ እስከ እራት ጠረጴዛው ድረስ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ጋሼ ሽኩርም ያኔ ብዕር አነሡ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ ደጀኔ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው አብጧል። ምን ሆኑ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ፤ ራሳቸው ጀመሩት።

«ትናንት ማታ ባዶ እጄን ገባሁ።»

«እሺ?»

«እራት ቀረበ።»

«ምንም አላሉም?»

«ወጡ ጨው በዝቶበታል ወይ አለችኝ። አልበዛበትም አልኳት። ተኛን።»

ኮሚቴው ጋ ትመጣለች ወይ ብላቸው አላውቅም አሉ። እኔም ዱዓ አደረግኩ፤ ወላሂ ለራሴ ልጆች እንደማደርገው ነው ያደረግኩት።

ከፍ ያለው ኮሚቴ የሚሰማን ቀን ደረሰ። ጋሼ ሽኩር፣ ጋሼ ደጀኔና እኔ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። ስማችን ተጠራ፤ እትዬ አልማዝ የሉም። ገባን። ደብዳቤው ሲነበብ፣ በየማታው ወደ ቤት የሚሄደው ቦታ ላይ ሲደርስ ጋሼ ደጀኔ ጆሯቸው ቀላ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና እትዬ አልማዝ ዓመት በዓል የሚለብሱትን ጥበብ ለብሰው፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ገቡ። ታክሲ አጥተው በእግራቸው ነው የመጡት።

ሰብሳቢዋ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። «እርስዎ ነዎት ለገማቾቹ የተናገሩት? ያን ጊዜ ዋሽተው ነበር ማለት ነው?» አሏቸው።

እትዬ አልማዝ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«አልዋሸሁም። ያልኩትን ያህል በየማታው አምጥቶልኛል፤ አንድም ቀን አላጎደለብኝም። ከየት አመጣኸው ብዬ ግን አልጠየቅኩትም። ባል ማታ ገንዘብ ይዞ ሲገባ ከየት አመጣኸው የምትል ሴት በዚህ ከተማ ካለች እስቲ ያምጧትና ልያት።»

ሰብሳቢዋ እንዳይስቁ ወረቀት አገላበጡ። ከጎናቸው ያለው ሰውዬ ግን ሳቀ።

«እንግዲያው ሱቁ አይሸጥም ነው የሚሉት?»

የእትዬ አልማዝ ኩራት ምን ያህል እንደሆነ ስለማውቅ እኔ ነኝ የተጨነቅኩት። በየዘመዱ ቤት ስንት ጊዜ ባሌ ቀንቶታል እንዳሉ አስቡት።

«አይሸጥም» አሉ። «ሰውዬው ነጋዴ አይደለም። ሾፌር ነው። የበላነው ጡረታውን ነው። ጻፉት።»

ተጻፈ። ጡረታው ከሽያጩ ተነሣ፤ ግምቱ ወርዶ ሱቁ ተራ ቁልፍ ሻጭ በሚከፍለው ልክ ገባ። ጋሼ ሽኩር ከኮሪደሩ ሲወጡ ግድግዳ ተደግፈው ትንሽ ቆሙ። ለዚያ ሥራ ክፍያ አልተቀበሉም፤ መጀመሪያ ላይ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብለው። እትዬ አልማዝ እስከ በሩ ድረስ ከባላቸው ራቅ ብለው ነው የሄዱት። ውጭ ዝናቡ ሲጀምር ግን ነጠላቸውን ዘርግተው ግማሹን ራሳቸው ላይ፣ ግማሹን የሰውዬው ሰፊ ትከሻ ላይ ጣሉት። አልደረሰላቸውም፤ ትከሻው ረጠበ።

የተስተካከለውን ወረቀት ለባለቤቱ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ጋሼ ሽኩር ወረቀት በእጅ ካልተሰጠ አልደረሰም ይላሉ። ስሄድ ሐምሌ እየተገባደደ፣ ነጋዴው ሁሉ ለክፍያ እየተሯሯጠ ነበር። ጋሼ ደጀኔ እንደ ወትሮው ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እትዬ አልማዝ ደጃፉ ላይ ቆመው መደርደሪያውን ይመረምራሉ። ወረቀቱን ለጋሼ ስሰጣቸው ሚስታቸው ከእጃቸው ነጠቁና ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡ። ፊታቸው ይፈካል ብዬ ስጠብቅ ከንፈራቸውን አጣመሙ።

«ይቺን ታህል ብቻ?» አሉ።

«ቀነሱልን እኮ ነው አልማዝ» አሉ ባላቸው በፍርሃት።

«ቀነሱልን? ሰደቡን እንጂ። ይህን ወረቀት እኅቶቼ ቢያዩ ምን ይላሉ?» ወዲያው አንዲት ልብስ ሰፊ መጥታ የነጭ ቁልፍ ዋጋ ጠየቀች። ጋሼ ደጀኔ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እትዬ አልማዝ ዋጋውን ተናገሩ። ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ፣ ጋሼ ከሚሉት እጥፍ። ሴትዮዋ ተከራከረች፣ ፌዝ ሞከረች፣ ልትሄድ ተነሣች፣ ተመልሳ ከፈለች።

እትዬ አልማዝ ገንዘቡን በመዳፋቸው ይዘው ትንሽ አዩት። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«እስቲ ተነሣ» አሏቸው። «ወንበሩን ልቀቅልኝ።»

ጋሼ ደጀኔ ተነሡ።